«እስቲ መነጽርህን አውልቅ»
በነጭ በትር ቀን፣ ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ።

ሰብሳቢው 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። በብሬል፣ በጣት በሚነበበው ጽሕፈት፣ የጻፍኩት 6 ገጽ ነው። ጣቴ ካልደነዘዘ እጨርሳለሁ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቶሳ ተራራ ላይ ደመና ካረፈ ጣት አይታዘዝም።

ብዙዎቻችሁን በድምፃችሁ ለይቻችኋለሁ። ስገባ በሩ ላይ «ይሄ የሸዋ በሩ ልጅ አይደለም እንዴ?» ያልከው ሰውዬ፣ አብሽር፣ አልረሳሁህም። የሒሳብ ፈተና ቀን የብሬል መጻፊያዬን ደብቀህ ያስለቀስከኝ አንተ ነህ። ሻይ ሰዓት ላይ እንተሳሰባለን።

ዛሬ ጥቅምት 5 ነው። በዚህ ቀን እኛ ዓይነ ስውራን የምንይዘውን የነጭ በትር ታሪክ መንገር ወግ ነውና ባጭሩ ልናገር። በፈረንጆች 1921 ብሪስቶል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ጄምስ ቢግስ የሚባል ፎቶ አንሺ በአደጋ ዓይኑን አጣ። የሰፈሩ መኪና አስፈራው። ሹፌሮች እንዲያዩት ብሎ ከዘራውን ነጭ ቀለም ቀባው። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንንም አላስፈቀደም። ማህተም አላስመታም። ይቺን «ማህተም አላስመታም» ያልኳትን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኔ የተጋበዝኩት ስለ መሪ ውሻ እንድናገር ነው። አሜሪካ ስኖር የምትመራኝ ውሻ አለችኝ። ላብራዶር ናት። ይዣት አልመጣሁም። ከዚህ ወደዚያ ውሻ ለመመለስ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ ነው። ደግሞም የሰፈራችን ውሾች እንዴት እንደሚቀበሏት አስቡት። ባለቤቴ ጋር ትቻት መጣሁ። እናቴ በስልክ «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ትለኛለች። «ውሻ» ማለት ከበዳት መሰለኝ።

የሃጂ ልጅ ሆነህ ውሻ እንዴት ቤትህ ታስገባለህ ያላችሁኝ አላችሁ። ናጃሳው፣ ማለትም ርኩሰቱ፣ እንዴት እንደሚታጠብ አባቴ አስተምሮኛል፤ አጥባለሁ። መስጊድ ይዣት አልገባም። የዋሻው ሰዎችም ውሻ ነበራቸው፤ ቁርኣን ውስጥ ካህፍ ምዕራፍ ላይ በር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ከዚህ በላይ በዚህ ጉዳይ ክርክር አልገባም።

ሰው የሚመስለው እኔ «ገበያ ውሰጂኝ» ስላት ውሻዋ የምትወስደኝ ነው። አይደለም። መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀጥ የምለው እኔ ነኝ። የትራፊክ መብራት ቀይ ይሁን አረንጓዴ አታውቅም። የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ «ሂጂ» የምለው እኔ ነኝ። የእሷ ሥራ ጉድጓድ፣ ደረጃ፣ የቆመ መኪና ማሳለፍ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራዋ ደግሞ እምቢ ማለት ነው። «ሂጂ» ብያት መኪና ከመጣ አትሄድም። ትቆማለች። ይህንን ለመማር ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ አብረን ሳምንታት ሰልጥነናል። በጎዳናው መሐል ሽንት እንዳትሸና፣ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ሥር ድምፅ ሳታሰማ እንድትተኛ ተምራለች። አንዳንድ የማውቃቸው ሰዎች ይህንን ቢማሩ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

እዚያ አገር ከሥራ ስወጣ እንጀራ አማረኝ። የሐበሻ ምግብ ቤት ሄድኩ። በሩን ስከፍት የቡናው ሽታ ተቀበለኝ። ባለቤቱ መጣና «ወንድሜ፣ ውሻ አይገባም» አለኝ። መሪ ውሻ ናት አልኩት። «አውቃለሁ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ። ንግግሩ የእኛ አገር ነው። ወሎዬ ነህ ወይ አልኩት። ኮምቦልቻ! አቅፎ ሳመኝ። የማን ልጅ ነህ፣ የት ሰፈር፣ ቦርከና እንዴት ነው፣ ተጨዋወትን። ከዚያ ምን አለኝ? «ግን ውሻዋ አትገባም።»

ለምን አልኩት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ትንሽዬ ነጭ ውሻ ሰደርያ አልብሳ መጣች አለ። ሰደርያው ላይ «አጋዥ ውሻ» ተብሎ ተጽፏል። መታወቂያም አሳየችው፤ የውሻው ፎቶ ያለበት። አስገባት። ውሻው መጀመሪያ አስተናጋጇ ላይ ጮኸ። ቀጥሎ ከሰው መሶብ ጥብስ አነሳ። በመጨረሻም ምንጣፉ ላይ ሸና። «ደንበኛ ጥሎኝ ወጣ፤ እኔ ሁለተኛ አልሞኝም» አለኝ።

ከዚያ የኮምቦልቻ ሰው ነውና አላስቻለውም። ትሪ ይዞ ወጣ። በዚያ ብርድ፣ መንገድ ዳር ቆመን አጎረሰኝ። ጉርሻው እንዴት እንደጣፈጠኝ አልነግራችሁም። ግን ደጅ ነበር። ሌላው ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይበላል፤ እኔ ደጅ ቆሜ እጎርሳለሁ። ውሻዬ እግሬ ሥር ተኝታ ነበር። አንዴም አልጮኸችም።

ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። በፈረንጆች 1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ። ባለ ምግብ ቤት ሁለት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይችላል። ውሻዋ በአካል ጉዳትህ ምክንያት የምታስፈልግህ ናት? ምን ሥራ ነው የሰለጠነችው? አለቀ። ወረቀት አምጣ ማለት አይችልም። ሕመምህ ምንድን ነው ማለት አይችልም። ውሻው ከረበሸ ወይም ከሸና ግን፣ የውሻው ባለቤት እውነተኛ ዓይነ ስውርም ቢሆን፣ ውሻውን አስወጣ ማለት ይችላል። የኮምቦልቻው ወንድሜ ሴትየዋን ማስወጣት መብቱ ነበር። እሷን በመታወቂያዋ አስገባ። እኔን ያለ መታወቂያ አስወጣ።

ልብ አላችሁ? መታወቂያ የያዘችው አስመሳይዋ ናት።

ያ ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ሰደርያውም ይሸጣል። መንግሥት አያወጣውም፤ ሕግ አያውቀውም። ዓይነ ስውር አይገዛውም፤ ምን ያደርግለታል? የሚገዛው የቤት ውሻውን ሱቅ ይዞ መግባት ያማረው ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውሻዬ አጋዥ ነው ብሎ የዋሸ ሰው እስከ 1000 ዶላርና እስከ 6 ወር እስር ይደርስበታል። ሕጉ አለ። ሻጩም አለ።

አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ባለ ሰደርያ ውሻ የእኔዋ ላይ ዘሎ ወጣባት። አንገቷን ነከሳት። ባለቤቱ «ይቅርታ፣ ጨዋታ ወዶ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ውሻዬ ሌላ ውሻ ስታይ እግሬ ውስጥ ትሸጎጥ ጀመር። መንገድ መሐልም ቢሆን። አሰልጣኝ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ለወራት ሠራንባት። ለእሱ ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ግን ዓይኔን ነው የነከሰው።

አውሮፕላኑን ደግሞ ስሙ። በፈረንጆች 2018 ኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ተሳፋሪ «ያጽናናኛል» ብላ ጣዎስ ይዛ መጣች። ጣዎስ! ያ ትልቅ ጅራት ያለው ወፍ! አየር መንገዱ ከልክሏታል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሲበዛ በ2021 መጀመሪያ ደንቡ ተቀየረና የሰለጠነ ውሻ ብቻ ይፈቀድ ተባለ። ጥሩ ነው። ግን ከደንቡ ጋር ቅጽ መጣ። ቅጹን የሚሞላው ማን ነው? ባለ ጣዎሷ? እኔ ነኝ! ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ላክ እባላለሁ። የዋሸችው እሷ፣ ማስረጃ የምቆጥረው እኔ።

አሁን ወደ ቤታችን።

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ። ወደ ደሴ በሚኒባስ እወጣለሁ ብዬ ነበር፤ ሐረጎን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መውጣት ናፍቆኝ ነበር። በትሬን ዘርግቼ ገባሁ። የሒሳቤን ብር እጄ ላይ ይዣለሁ። ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አደረገና «እስቲ መነጽርህን አውልቅ» አለኝ።

ለምን አልኩት። «ባለፈው አንዱ እንዳንተ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ዱላ ይዞ፣ ዓይነ ስውር ነኝ ብሎ በነፃ ተሳፈረ። ፒያሳ ሲወርድ ባጃጅ ሲመጣበት ዘሎ አመለጠ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያስቃላ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ረዳቱ አልሄደም። እየጠበቀ ነው።

አወለቅሁ።

ሚኒባሱ ዝም አለ። 46 ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነኝ። የልጆች አባት ነኝ። ከኋላ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ አላህን አትፈራም?» ብለው ተቆጡት። እሱም አፈረ መሰለኝ፣ ሒሳቡን አልቀበልም አለ። በግድ ሰጠሁት።

ትናንት ማታ ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ለበትር ተጠቃሚዎች ባለ ፎቶ መታወቂያ ሊሠራ ሐሳብ እንደቀረበ ሰማሁ። አስመሳዩን ለመለየት። ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ እዚሁ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሳል አሳብቆብዎታል። እርስዎ ያሳደጉኝ ሰው ነዎት። ቅን ሆነው እንዳሰቡት አልጠራጠርም። ይቅር ይበሉኝና እቃወማለሁ።

መታወቂያውን የሚጠይቀው ማን ነው? ረዳቱ ነው። የሆቴል ዘበኛው ነው። ባጃጅ ነጂው ነው። ዛሬ «መነጽርህን አውልቅ» ያለኝ ነገ «ካርድህን አውጣ» ይለኛል። ከኩታበር ለሰኞ ገበያ የመጡት ዓይነ ስውር እናት ፎቶ የት ተነስተው፣ ቢሮ የት ወረፋ ይዘው ነው? ካርድ የላቸውም፤ ስለዚህ አስመሳይ እሳቸው ይሆናሉ! አስመሳዩ ግን ካርድ አያጣም። በከተማችን ማህተም የሚቀርጽ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ቢያወጣም አላየውም፤ አትጨነቁ።

እኔ ልጅ ሆኜ የምትመራኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። ትከሻዋን ይዤ ከሸዋ በር ሆጤ ድረስ እንሄድ ነበር። ስንት ቀን ትምህርቷ አልፏት ይሆን፣ ጠይቄያት አላውቅም። ያኔ ማንም «መሪ መሆንሽን አስመስክሪ» አላላትም። ደሴ እንዲህ ነበረች! አሁን ምን ነካን? አንድ ቀጣፊ በነፃ ስለተሳፈረ እኛ ሁላችን ፊታችንን እየገለጥን እንሳፈር? እሱ ሒሳቡን ይክፈል! ያላገባቡን የሠራውን ይዛችሁ በሠራው ጠይቁት። እኛን ግን «ምን ልርዳህ?» በሉን። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ የለም።

የቀሩኝ ሁለት ገጾች ናቸው፤ እያለፍኩ ልሂድ። አገራችን በ2002 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አንቀጽ 20 ላይ ስለ መንቀሳቀስ መብት ይናገራል፤ አንብቡት። የሕንፃ አዋጁ 624 በ2001 ወጥቷል፤ እናንተ የምትገቡበትን ሕንፃ ደረጃ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባንክ ሄጄ ስፈርም ምስክር አምጣ ይሉኛል፤ እሱ ለብቻው ሌላ ንግግር ይፈልጋል። ክፍት ቦዮቹን የሚመለከት ሹም እዚህ ካለ፣ እሁድ አንዱ ውስጥ ገብቻለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ሰላም ብሎዎታል።

ሰብሳቢው ወንበር እያንቀሳቀሱ ነው፤ ገብቶኛል።

ሻንጣ ውስጥ 20 የሚታጠፍ ነጭ በትር ይዤ መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ነው ያለው። የሚያስፈልገው ሰው ከሻይ በኋላ ይምጣ። ልኩ በቁመት ስለሆነ ቁመታችሁን ብቻ ንገሩኝ። መታወቂያ አልጠይቅም።