ደብዳቤው የተላከው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው

በድሬዳዋ ለአሽከርካሪዎች፣ ለመኪና ባለቤቶችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ከሳቢያንም፣ ከከዚራም፣ ከመጋላም የመጣችሁ፣ ከሐረር የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የደረሳችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ሪኮል ነው። አምራቹ በሸጠው መኪና ላይ አደገኛ ጉድለት ሲያገኝ «አምጡልኝ፣ በራሴ ወጪ ላስተካክለው» ብሎ የሚያወጣው ጥሪ ማለት ነው። ደብዳቤው የሚሄደው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ለተመዘገበው ሰው ነው። ያ ሰው ጃፓን ወይ ዱባይ ነው። መኪናው ደግሞ በጅቡቲ ገብቶ፣ ሦስት አራት እጅ ተቀያይሮ፣ አሁን ደጅ ቆሟል። ሻጩ ደብቆ ላይሆን ይችላል፤ ለሱም የነገረው የለም። ቦሎ ማለፉም ሪኮሉ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያለንን ይዘን ገና ብዙ ዓመት እንነዳለን።

ጥሪው የሚከተለው ሻንሲውን ነው፤ ስለዚህ ከሻንሲ ቁጥሩ እንነሳ። ሊብሬው ላይ ያለውን መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አመሳክሩት፤ ሲገለበጥ የሚሳሳት ብዙ ነው። 17 ፊደልና አሃዝ ከሆነ ውስጡ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ሊብሬው ላይ «ኦ» የመሰላችሁ ዜሮ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ግን 17 የለውም። «ኬኤስፒ90» ወይም «ኤስሲፒ10» ይልና ሰረዝ አድርጎ 7 አሃዝ ያስከትላል። ይሄንን የምትፈትሹት ቶዮታ በጃፓን ባለው ድረ ገጽ ነው፤ ቋንቋው ጃፓንኛ ቢሆንም የስልካችሁ መተርጎሚያ ይበቃዋል። የዱባዩን መኪና የአሜሪካ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ «ሪኮል የለም» ቢላችሁ አትመኑት፤ እዚያ ያለው መዝገብ አሜሪካ የተሸጡትን ነው የሚያውቀው። የአገር ቤቱን የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮንም ሻንሲውን ይዛችሁ ጠይቁ። ራሱ ላልሸጠው መኪና ሥራው በነፃ ይሁን በክፍያ፣ መኪናውን ከማስገባታችሁ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ።

አሁን ወደ ዋናው። የታካታ ኤርባግ። ኤርባግ ግጭት ሲደርስ ተነፍቶ ሰውን የሚያድን ከረጢት ነው፤ ታካታ ደግሞ ይሠራው የነበረ የጃፓን ኩባንያ ነው። ከረጢቱን የሚነፋው ትንሽ የብረት ቆርቆሮ አለ፤ ኢንፍሌተር ይባላል። ውስጡ ጋዝ የሚያመነጨው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነው። እርጥበት መጣጭ ያልተጨመረባቸው ኢንፍሌተሮች ውስጥ፣ ሙቀቱ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ እርጥበትም ሲገባ፣ ኬሚካሉ በዓመታት ይሰነጣጠቃል። የተሰነጣጠቀው ግጭት ሲመጣ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይነድና ቆርቆሮውን ራሱን ያፈነዳዋል። ያኔ ከረጢቱን ቀዶ የሚወጣው ስብርባሪ ብረት ነው፤ ሊያድን የተቀመጠው ነገር አንገትና ፊት ላይ ይተኩሳል። ቀላል ግጭት እንኳ ይበቃዋል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኢንፍሌተር ተጠርቷል፤ ታካታም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ቶዮታ አሜሪካ ላሉ የ2003 እና 2004 ኮሮላ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ4 ባለቤቶች «እስኪሠራ ድረስ ጭራሽ አትንዱት» ብሏል። የ2006 እስከ 2011 ያሪስም በጋቢናው ተሳፋሪ በኩል ጥሪው ውስጥ አለ። እነዚህ መኪናዎች ለማናችንም እንግዳ አይደሉም።

«ድሬ ደረቅ ሙቀት ናት፣ እርጥበት የታለ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እዚህ እንደ ጅቡቲ አያልብም። ነገር ግን መኪናው አሥር ዓመት የቆመው የት ነበር? ዱባይ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እርጥበቱን እዚያ ጠጥቶ መጥቶ፣ እኛ ደግሞ ቀን ፀሐይ ላይ እያቆምን ማታ እናቀዘቅዘዋለን።

በቤታችሁ የሚሠራ ፍተሻ ልንገራችሁ። ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርጉ፣ ሞተር አታስነሱ። የኤርባጉ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ከ6 ሰከንድ ያህል በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሲስተሙ ብልሽት አለው። ከነጭራሹ ካልበራ ይባስ፤ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። መብራቱ በርቶ ክላክሱም እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከመሪው ሥር ያለው ስፓይራል ኬብል፣ ከመሪው ጋር የሚዞረው ጥቅልል ገመድ ነው።

ጋራዥ ያላችሁ፣ ቢጫ ሶኬት ያለበትን የኤርባግ ገመድ ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቁና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። በቴስተር ኢንፍሌተሩን አትለኩ፤ የሜትሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል። ከተፈታ መኪና የወጣ ኤርባግም አትግጠሙ። ርካሽ ነው፣ ያረጀው ግን እሱም እኩል ነው። ዕቃው እስኪገኝ ድረስ ተሳፋሪ ከኋላ ይቀመጥ፣ የጋቢናው ወንበር ባዶ ይሁን። ቶዮታም በአሜሪካ ዕቃ ባጠረበት ጊዜ ይህንኑ ሲመክር ነበር።

ሁለተኛው ጥሪ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የመስኮት ማብሪያ፣ መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደው ቁልፍ ነው። በኦክቶበር 2012 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪና የጠራው በሹፌሩ በር ላይ ባለው ዋና ማብሪያ ምክንያት ነው። ውስጡ ግሪሱ እኩል አልተቀባም፤ እየተፋተገ ይነክሳል፣ ይሞቃል፣ ሊቀልጥም ይችላል። እዚህ አገር ማብሪያው ሲነክስ ምን እናደርጋለን? ደብሊው ዲ 40 ፉት! ጥሪው ራሱ አታድርጉ ያለው ይሄንኑ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ማለስለሻ ሲረጭበት ማብሪያው ቀልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የተረጨበት ካለ ማብሪያውን ቀይሩት፤ ካልተረጨ ተፈቶ ይታይ።

አሁን የምነግራችሁ ሪኮል አይደለም፤ ማንም አይጠራችሁም፣ ወጪውም የናንተ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2004 አካባቢ የተሠራው የኮሮላ 1ዜድዜድ ሞተር ዘይት ይበላል። የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ በካርቦን ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት፣ ይጣበቃል። ጠቅላላ የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው፤ አንድ ሊትር ሲጎድል ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ለኩ። ወፍራም ዘይት መጨመር ጭሱን ይሸፍናል እንጂ ፋሻውን አያድንም።

ደንገጎ ላይ ስለሚሞቀው መኪና። የራዲያተር ክዳን ተራ ክዳን አይደለም፤ 1.1 ባር ያህል ግፊት ይዞ ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ የለም፤ ያለ ግፊት ውሃ ድሬ ላይ በ96፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበት በር፣ መከፈት የሚጀምረው በ82፣ ሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። እንግዲህ ዳገቱ ጫፍ ላይ በሩ ተከፍቶ ሳያልቅ ውሃው ፈልቷል። ቴስታ፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ከማውረዳችሁ በፊት ክዳኑን ቀይራችሁ እዩት። ቴርሞስታት አውልቆ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ባይፓስ ያለው ሞተር ላይ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ይመለሳል። የቧንቧ ውሃችንን የማንቆርቆሪያችሁ ታች ያለው ነጭ ቅርፊት ይመሰክርበታል፤ ያው ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጭን ቱቦ ይደፍናል። ኩላንት በተጣራ ውሃ፣ ግማሽ በግማሽ።

ሲወረድ ደግሞ ፍሬን ዘይት ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ደንገጎን እግር ፍሬን ላይ ጭኖ የወረደ ሰው ፔዳሉ ድንገት ወለል ከነካበት፣ ዘይቱ ፈልቶ አየር ሆኗል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩ፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ «2» ወይም «ኤል» ላይ አድርጋችሁ ውረዱ።

ሊብሬ የያዛችሁ ወደዚህኛው ጠረጴዛ ኑ፣ ሻንሲውን አብረን እናነባለን። መኪናችሁ ደጅ ያለ ደግሞ ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርጋችሁ እስከ 6 ቁጠሩና መብራቱ ምን እንዳደረገ መጥታችሁ ንገሩን።