ነጭ ግድግዳ፣ የካይሮ መስኮት፣ የደሴ ካፌ

(ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፣ ረፋድ። ገና ያልተከፈተ ካፌ ውስጥ ሠራተኞች ግድግዳ ይቀባሉ።)

በከተማችን ካፌ ሊከፍት የተነሣ ሰው ዛሬ ቤት ከመከራየቱ በፊት ስልኩን ከፍቶ ፎቶግራፍ ይሰበስባል። አንዱ ከኢስታንቡል፣ አንዱ ከስቶክሆልም፣ ሌላው ከኪዮቶ። ሁሉንም ለአናጢውና ለቀለም ቀቢው ያሳይና «እንዲህ አድርጉልኝ» ይላል። አናጢው ግራ ተጋብቶ ዝም ይላል። ቀለም ቀቢው ግን ደስ ይለዋል፤ አብዛኛው ነጭ ነውና።

ከሌላ ሕዝብ ባህል ንድፍ መውሰድ ነውር የለበትም፤ ዓለም ሁሉ ሲያደርገው ኖሯል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከመውሰዳችሁ በፊት በዚያ አገር ለምን እንዲያ እንደተሠራ ጠይቁ። ያ ምክንያት ወሎ ውስጥም ካለ ንድፉ እዚህም ይሠራል። ከሌለ የገዛችሁት ጌጥ ነው። ጌጥ መግዛትም ይቻላል፤ ጌጥ መሆኑን አውቆ ነው እንጂ።

(ምስል፦ በረዶ የለበሰ የስቶክሆልም ጎዳና። ቀጥሎ ነጭ ሳሎን።)

በነጩ ግድግዳ እንጀምር። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትታየው በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ እሷም ዝቅ ብላ፣ ደክማ። ስለዚህ የስዊድን ሰው ግድግዳውን ነጭ፣ ወለሉን ፈዛዛ እንጨት ያደርግና በመስኮት የገባችውን ጥቂት ብርሃን እያንጸባረቀ ያበዛታል። እንጨቱ ፈዛዛ የሆነውም አገሩ የሚያበቅለው ያንን ስለሆነ ነው።

ወሎ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ የዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው። በጥር ወር እኩለ ቀን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በደረሰ መስታወት ፊት ነጭ ግድግዳ ብታቆሙ ደንበኛችሁ ማኪያቶውን የሚጠጣው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ነጩ ግድግዳ ብርሃን ለተራበ አገር የተፈለሰፈ መላ ነው፤ እኛ ደግሞ ብርሃን አልራበንም።

ታዲያ ከሰሜኖቹ የሚወሰድ የለም ማለት ነው? አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጦሳ ተራራ ራስ ላይ ጉም ሲቀመጥ ያየ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ብርዱን ከሰሜኖቹ ጋር እንጋራለን፤ ስለዚህ የሚጠቅመን ከብርድ ጋር የተያያዘው ዕውቀታቸው ነው። ወፍራም ጨርቅ፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመብራት አሰቃቀላቸው።

(ምስል፦ በጠረጴዛ ላይ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ፣ በተደራረበ ክዳን የተሸፈነ መብራት።)

ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አንድ መብራት ነደፈ። አምፖሉ በተደራረቡ ክዳኖች ስለሚሸፈን ከየትኛውም አቅጣጫ ለዓይን አይጋለጥም፤ ብርሃኑ ለስልሶ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ንድፉ እስከ ዛሬ ይመረታል። አሁን ወደ ራሳችን ካፌዎች ተመለሱ፤ ጣሪያው መሐል ላይ ራቁቱን የተንጠለጠለ፣ ሰውን ሁሉ የታመመ የሚያስመስል ሰማያዊ የሚመታ አምፖል! ለአዲስ ቀለም የምታወጡትን ገንዘብ ግማሹን ለመብራት አውሉት። ቢጫ ብርሃን ያለው አምፖል፣ ዝቅ ብሎ በየጠረጴዛው ላይ የተሰቀለ፣ አገር ውስጥ ሰፌድ ከምትሰፋ ባለሙያ የታዘዘ የስፌት ክዳን። የዴንማርኩ ሐሳብ በወሎ እጅ ተሠራ ማለት ይህ ነው። የስፌቱ ክዳን ከአምፖሉ በቂ ርቀት ይኑረው፤ የሚግል አምፖልም አትጠቀሙበት። ሣር እሳት ይወዳል።

እግረ መንገዴን፣ የእንጨት መልክ የታተመበት ፈዛዛ ፕላስቲክ ከውጭ ከምታስመጡ ዋንዛ የሚሠራ አናጢ ፈልጉ። ዋንዛ ጠቆር ይላል፤ ለዚህ ፀሐይ ጠቆር ማለቱ ጥቅም ነው።

(ምስል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ። ቀጥሎ የካይሮ አሮጌ ቤት መስኮት።)

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ቀንሷል። ወደ ባቲ ስንቀጥል ቆላው ይቀበለናል። እዚህ የስቶክሆልም ትምህርት ያበቃና የካይሮ ትምህርት ይጀምራል።

በካይሮ የድሮ ቤቶች ላይ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ፣ በትንንሽ የተሞረዱ እንጨቶች የተጋጠመ የመስኮት ከለላ አለ። ማሽራቢያ ይባላል። ፀሐይን ይሰብራል፣ ነፋስ ያስገባል፣ ውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ውጭውን እንዲያይ ያደርጋል። እርጥበት የሚያሳልፍ የሸክላ የውሃ ዕቃ እዚያ ሲቀመጥ ውሃውም፣ በዕቃው ላይ የሚያልፈው ነፋስም ይቀዘቅዛሉ። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ አሠራሩን ሲያብራራ፣ በዓይን ቁመት ያሉት ክፍተቶች ጠባብ የሚሆኑት ዓይን የሚወጋውን ብርሃን ለመቀነስ፣ ከላይ ያሉት ሰፊ የሚሆኑት ደግሞ ነፋሱ እንዲዘዋወር ነው ይላል።

አሁን በየሆቴሉ የሚታየውን አስቡ። በማሽን የተቆረጠ የኮምፔንሳቶ ጥልፍልፍ በድፍን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ከማይከፈት መስታወት ጀርባ ይቆማል። ነፋስ የማያስገባ ማሽራቢያ ሥራው አቧራ መሰብሰብ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በፀሐይ መግቢያ በኩል፣ ከሚከፈት መስኮት ውጭ አድርጋችሁ ብትተክሉት ግን የቬንቲሌተር ወጪ ይቀንስላችኋል።

(ምስል፦ ይምርሐነ ክርስቶስ። ካሜራው መስኮቶቹ ላይ ይቆያል።)

ለጥልፍልፉ ቅርጽ ካይሮ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ፍልፍሎች ይቀድማል። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የተደራረበ ነው። መስኮቶቹ በልዩ ልዩ ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ጣሪያውም በጂኦሜትሪ ቅርጾች የተሞላ ነው። የግድግዳው ጥቁርና ነጭ መስመር ብቻውን የአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ሊያስጌጥ ይችላል። ንድፍ የሚሠሩ ልጆቻችን ይህን ትተው ከኢንተርኔት ጥልፍልፍ ሲያወርዱ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር እበሳጫለሁ።

(ምስል፦ የካፌ ምግብ ዝርዝር። ቀጥሎ የብራና ገጽ።)

ከቤቱ ወደ ወረቀቱ እንለፍ፤ አርማ፣ የምግብ ዝርዝር፣ ታፔላ። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የስዊዘርላንድ ነዳፊዎች ገጽን በማይታዩ መስመሮች ከፋፍሎ ጽሑፍና ምስልን በዚያ ልክ ማሰለፍን ለዓለም አስተማሩ። ትምህርቱ ግሩም ነው፤ ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር ያሰምራል፣ ዓምዶቹን ይለያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ብዕሩን ቀለም የሚነክረው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የተጻፈው በዚህ ሥርዓት ነው።

ከብራናው የሚወሰድ ሌላም አለ። ላቲን ፊደል አርእስት ለማጉላት ትልልቅ ፊደላት አሉት፤ እኛ የለንም። ጸሐፊዎቻችን ችግሩን በቀይ ቀለምና በገጹ ራስ ላይ በሚሣል የሐረግ ጌጥ ፈቱት። የዛሬ ምግብ ዝርዝር ግን ከእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ላይ ተገልብጦ አርእስቱም ዋጋውም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን ቁመቱ ሙሉና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በመስመርና በመስመር መካከል ከላቲኑ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። ይህችን ብቻ ብታስተካክሉ ዝርዝሩ ይነበባል።

ለታፔላ ግን ሜክሲኮን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ሲከፈት፣ ማንበብ የማይችል ተሳፋሪም እንዳይጠፋ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ተሰጠው። የቻፑልቴፔክ ጣቢያ ምልክት ፌንጣ ነው። ከሥራው በስተጀርባ የነበረው አሜሪካዊው ነዳፊ ላንስ ዋይማን ቀደም ሲል የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ አርማ ሲነድፍ ሁዊቾል ከተባለው የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ የእጅ ሥራ ተምሮ ነበር።

(ምስል፦ ባቲ፣ የሰኞ ገበያ።)

አሁን የሰኞን የባቲ ገበያ አስቡ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ በአንድ ሜዳ ይሰማል። ለከብት ተራው፣ ለግመል ተራው፣ ለእህል በረንዳው፣ ለውሃ ቧንቧው በሦስት ቋንቋ ረጅም ጽሑፍ ከመደርደር ከሩቅ የሚለይ አንዳንድ ሥዕል መስቀል ይሻላል። የሜክሲኮው ምክንያት እዚህ ሙሉ በሙሉ አለ።

(ምስል፦ ደማቅ የአፍሪካ ጨርቅ፣ ትራስ ልብስ ሆኖ።)

«የማን ባህል ነው?» የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ መልሱ ያደናግራል። በየሱቁ «የአፍሪካ ጨርቅ» እየተባለ የሚሸጠው ባለ ሰም ኅትመት መነሻው የጃቫ ባቲክ ነው። የኔዘርላንድ ፋብሪካዎች በ19ኛው መቶ ዘመን በማሽን አስመሰሉት፤ ምዕራብ አፍሪካ ገበያ አገኘ፤ የዚያ ነጋዴ ሴቶች ስምና ትርጉም ሰጡት፤ የራሳቸው ሆነ። ትራሳችሁን በእሱ ብታለብሱ ማንም አይከሳችሁም። «ባህላዊ የኢትዮጵያ» ብላችሁ አትሽጡት እንጂ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሃይማኖት ጋ ነው። ቡድሂስቶች የቡድሃ ራስ የመጠጥ ቤት ጌጥ ሲሆን ያዝናሉ፤ እኛም የራሳችንን አናውቀውም ማለት አይቻልም። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚታዩበት በወሎ፣ የላሊበላን መስቀል ወለል ላይ ማንጠፍ ወይም የቁርኣን አንቀጽ ለጽሑፉ ውበት ብሎ መጸዳጃ ቤት በር አጠገብ መለጠፍ ደንበኛን በአንድ ቀን ያሳጣል።

ወለል ላይ ጌጥ ካሰኛችሁ የሞሮኮው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ አያስቸግርም። በፌዝ ከተማ ባለሙያዎች ባለ ቀለሙን ሸክላ በመዶሻ እየፈለጡ አንድ በአንድ ይገጥሙታል፤ እኛ ገበያ የሚመጣው ሥዕሉ የታተመበት ሴራሚክ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሁን። ስትገዙ ሻጩ ፊት ውሃ አፍስሱበትና በጫማችሁ ሞክሩት፤ አንጸባራቂው ዓይነት ሲረጥብ ያንሸራትታል።