ዕጣ ያልወጣላቸው

ዳዊት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ርዕሱን አንቺ ተናገሪው፣ ሰላም።

ሰላም፦ ዕጣ እየተጣለ በሰው ላይ ስለሚሠራ ጥናት። ግማሹ እርዳታ ያገኛል፣ ግማሹ አያገኝም፣ ልዩነቱ ይለካል። ግን መጀመሪያ የእማዬን እቁብ ላውራ።

ዳዊት፦ ጀመርሽ!

ሰላም፦ ስማኝ እንጂ። ሃያ ሴቶች ናቸው። ስማቸው ተጠቅልሎ ሲኒ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ታወጣለች። ልጅቷ እኔ ነበርኩ። እማዬ ሲንጀር ልትገዛበት ነው። እጄን በሰደድኩ ቁጥር ዓይኗ እኔ ላይ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ወር ወጣላት።

ዳዊት፦ አንቺው እያወጣሽ!

ሰላም፦ እኔው! ግን ደረሳት። እቁብ ለሁሉም ይደርሳል፣ ዕጣው የሚወስነው ተራውን ነው።

ዳዊት፦ ከጥናቱ ጋር ምን አገናኘው?

ሰላም፦ ኬንያ፣ ቡሲያ የሚባል አካባቢ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ማይክል ክሬመርና ኤድዋርድ ሚጉኤል ያጠኑት የሆድ ትላትል መድኃኒት። 75 ትምህርት ቤቶች በሦስት ተከፈሉ፤ 25ቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀመሩ፣ 25ቱ በ1999፣ የቀሩት በ2001። እቁብ በለው!

ዳዊት፦ መጨረሻው ቡድን ውስጥ ሆኖ በ1999 ትምህርት የጨረሰ ልጅስ? ተራው ሳይደርስ ወጣ።

ሰላም፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ፣ በዘመድ ከሚሰጥ በዕጣ ይሻላል።

ዳዊት፦ በቃ አልበቃ የሚለው ግን ተቀባዩ አይደለም።

ሰላም፦ በዕጣ ይሻላል እያልኩህ ነው። የእኛን አገር እይ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ፋብሪካ ሥራ ቀረበለት፣ ሌላው 300 ዶላር ገደማና ሥልጠና፣ ሦስተኛው ምንም። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፣ የጤና ችግርም በዛባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው በዓመቱ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው በሲሶ ያህል በለጠ። ሳይለካ ማን ያውቅ ነበር?

ዳዊት፦ ምንም ያልደረሳቸውስ?

ሰላም፦ በአምስት ዓመቱ ሦስቱም ተቀራረቡ።

ዳዊት፦ እሱ መልስ አይሆንም። ያኔ ባዶ እጁን የቀረው ሰው የቤት ኪራይ ነበረበት።

ሰላም፦ አዎ፣ አልክድህም። ታውቃለህ፣ የእማዬ እቁብ ውስጥ አንዷ ልጇ ሲታመምባት ዕጣ የወጣላት ሴት ተራዋን ለቀቀችላት። የጥናት ዕጣ ውስጥ ግን ተራ የሚለቅልህ የለም። እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ።

ዳዊት፦ ሲንጀሩስ?

ሰላም፦ እስከዛሬ ይሠራል። ይህን ቀሚስ የሰፋችው በእሱ ነው።