የድሮውን ጽጌረዳ ክረምቱ ሳያልፍ እናባዛው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ችግኝ ተከላው፣ ስለ ጉድጓዱና ስለ ዛፉ ከእኔ በፊት የተናገሩት በቂውን ብለዋል። እኔ የቆምኩት ስለ አንድ ቁጥቋጦ ልለምናችሁ ነው። በየጓሯችን ጥግ፣ ከጌሾው ጎን ወይም ከድንጋይ ካቡ ሥር፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ደጋግሞ ስለሚያብበው የድሮ ጽጌረዳ። ታውቁታላችሁ። አበባው አንገቱን ይደፋል። ለጋ ቅጠሉ ሲወጣ ወይን ጠጅ ነው፤ ሲጠና አረንጓዴ ይሆናል። እሾሁ ብዙ አይደለም፤ ግን ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ ነጠላ ከያዘ አይለቅም። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው የሚሰጠው ሽታ የሻይ ቅጠል ያለበት ቆርቆሮ ሲከፈት የሚወጣውን ዓይነት ነው። በዓለም ላይ የሻይ ጽጌረዳ እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። አጥር ሲፈርስ፣ አሮጌ ቤት ሲታደስ፣ መንገድ ሲሰፋ ይህ ቁጥቋጦ አብሮ ይነቀላል። ቤቱ መታደሱ ደግ ነው፤ መንገዱም ለሁላችንም ነው። ነገር ግን ከመነቀሉ በፊት አንድ ሰው መቀስ ይዞ ሄዶ አምስት ስድስት ቁራጭ ቢወስድለት ዘሩ አይጠፋም። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጀመረ።

እንደ ተራ ነገር የሚያየው ሰው ስላለ ከየት እንደመጣ ልናገር። የዚህ አበባ ዘር የሚመዘዘው ከቻይና ነው። በአንድ ወገን ቻይናውያን በግቢያቸው ለረጅም ዘመን ያረቡት፣ ወቅት ሳይመርጥ ደጋግሞ የሚያብብ ጽጌረዳ አለበት። በሌላ ወገን በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በበርማና በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ተራሮች ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ፣ አበባው ሰፊ የሆነ የዱር ጽጌረዳ አለበት። ከሁለቱ የተወለደ አንድ ሐመር ሮዝ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1809፣ አንድ ቢጫ ዝርያ ደግሞ በ1824 እንግሊዝ ደረሱ። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ከእነዚህ ተነሥተው ሲያዳቅሉ ኖሩ፤ ሳፍራኖ በ1839፣ ዱሼስ ደ ብራባን በ1857፣ ሌዲ ሂሊንግደን በ1910 ከእነሱ እጅ የወጡ ናቸው። ዛሬም ይተከላሉ።

የአውሮፓውያኑ ችግር ውርጭ ነበር። በሰሜኑ አገር ቅዝቃዜው ስለሚገድላቸው ባለጸጎች በመስታወት ቤት ውስጥ፣ እሳት እያስነደዱ ያሳድጓቸው ነበር። አዳቃዮች ደግሞ ብርድ ከሚችል ዘር ጋር አጋቧቸው፤ ሊዮን ከተማ ውስጥ ጊዮ የተባለው አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1867 ያወጣው ላ ፍራንስ የዚህ አዲስ ወገን የመጀመሪያው ይባላል። ዛሬ ከሆለታና ከዝዋይ እርሻዎች በካርቶን ታሽጎ በአውሮፕላን የሚሄደው ጽጌረዳ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ግንዱ ረዥምና ቀጥ ያለ፣ መንገድ የሚችል፣ ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆይ። ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፣ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ እዩት፤ አብዛኛው ሽታ የለውም። ለጉዞ ሲመረጥ ሽታው ቀርቷል።

አሁን የእኛን አገር ተመልከቱ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሥር ድረስ የሚያደርቅ በረዶ ግን አናውቅም። እነዚያ በመስታወትና በማገዶ የገዙትን አየር እኛ ከግቢያችን ወጥተን በነፃ እንተነፍሰዋለን። ይህን አበባ ሜዳ ላይ ትተን ያለ ጭንቀት ማሳደግ እንችላለን፤ እኛ ግን እየነቀልነው ነው። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለነገሩ ጽጌረዳ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከከተማ ወጣ ብላችሁ በየአጥሩና በየገደሉ ጫፍ የምታዩት ቀጋ፣ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ልጆች ቀይ ፍሬውን የሚበሉት፣ እሱም ራሱን የቻለ ጽጌረዳ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው የጽጌረዳ ጥናት በአገራችን ስም መዝግቦታል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ቤርሙዳ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እዚያም በየአሮጌው ግቢ የሻይ ጽጌረዳ ይገኛል፤ የብዙዎቹ የቀድሞ ስም ግን ጠፍቷል። የአገሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1954 የጽጌረዳ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ የጠፋውን አበባ እየፈለጉ፣ ቁራጭ እያባዙ፣ በተገኘበት ሰበካ ወይም በባለግቢው ስም ይጠሩታል። እንዲህ ተሰይመው የተረፉት አበቦች ዛሬ ከደሴቷ አልፈው በሌላ አገርም ይተከላሉ። እኛስ? የቀሃውን የቀሃ፣ የቁስቋሙን የቁስቋም፣ የአዘዞውን የአዘዞ ጽጌረዳ ብለን ብንጠራው ምን ይከለክለናል? በተከሉት እናት ስም ቢጠራ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ስለ መግረዝ አጥብቄ ነው የምናገረው። አበባ እርሻ ላይ የሠራ ወጣት ጽጌረዳ ሲያይ እስከ ጉልበት ድረስ መቁረጥ ይቀናዋል። ለአዲሱ ዘር ልክ ነው። የሻይ ጽጌረዳን ግን እንዲህ ከቆረጣችሁት ትጎዱታላችሁ። ይህ ተክል ስንቁን የሚይዘው በግንዱና በቅርንጫፉ ነው፤ በአሮጌው እንጨት ላይ አዲሱን እየጨመረ ነው የሚያድገው። ስንቁን ከወሰዳችሁበት እንደገና ለመነሣት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። የደረቀውን፣ የተሰበረውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጡ። አበባው የረገፈበትን ጫፍ ቀንጥቡ። ቅርጽ ማስያዝ የግድ ከሆነ ከሲሶው አትለፉ። ሦስት ዓመት ያልሞላውን ደግሞ መቀስ አታሳዩት። እንግዲህ እንዲህ ከተተወ ይሰፋል፤ የሰው ቁመት ያህላል፣ ወደ ጎንም እንዲሁ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሁለት ሜትር ያህል ተዉ። ግቢው ጠባብ የሆነበት ሰው አንድ ይበቃዋል።

አበባው ማቀርቀሩን እንደ ድካም የሚቆጥሩበት አሉ። ጽጌረዳ ቀና ማለት አለበት ይላሉ። እኔ ካለው ውበት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ለጎንደር ደግሞ ይበልጥ ይስማማል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ብዙ ግቢ በካብ የተደገፈ ነው። ከካቡ በላይ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ ትከሉት። ከታች የሚያልፍ ሰው ቀና ሲል አበባው ፊቱን ይሰጠዋል። ቀና ያለ ጽጌረዳ ከዚያ ቦታ የሚያሳየው ጀርባውን ብቻ ነው። ደረጃ ዳር፣ በረንዳ ጥግ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ቡና በሚጠጣበት ቦታም እንዲሁ፤ ተቀምጦ ቀና የሚል ሰው ያየዋል፣ ሽታውም ይደርሰዋል።

አበባ የሚሰጥበትን ወቅት በእጃችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ፣ በተለይ ድርብርቡ ዓይነት፣ እምቡጡ በዝናብ ተጣብቆ ሳይፈታ ይበሰብሳል። አትዘኑ፣ ቁረጡና ጣሉት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጫፍ ጫፉን ብትቀነጥቡት ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ አዲስ አበባ ይመጣል። ያ ጊዜ ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ አፈሩ ገና እርጥበት አለው፤ ከዓመቱ አበባ ሁሉ ንጹሑ የዚያን ጊዜው ነው። ጥር 11 ከተማው በጥምቀት እንግዳ ሲሞላ ግቢያችሁ እንዲያብብ የምትፈልጉ ደግሞ በኅዳር አጋማሽ ቀንጥቡት።

ቁራጩን እንዴት እንደምትይዙ ልንገራችሁ። አበባው ገና የረገፈበትን ቅርንጫፍ ምረጡ፤ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ አራት አንጓ ያለው። የታችኛውን ቅጠል አራግፉና ከላይ ሁለት ብቻ ተዉለት። አሸዋና ብስባሽ እኩል ቀላቅላችሁ ግማሹን ቅበሩት። ጥላ ሥር ይሁን። አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ድፉበት፤ እርጥበቱን ይይዝለታል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። ያዘ አልያዘ ብላችሁ እየነቀላችሁ አትዩት። ሁሉም አይይዝም፤ አምስት ስድስት ያልኩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እምቡጥ ቢያወጣ፣ ልብ የሚያሳሳ ቢሆንም፣ ቅጠፉት፤ ጉልበቱን ለሥሩ ያውለው።

አፈራችን ዋልካ በሆነበት ሰፈር ተጠንቀቁ። ዋልካ በክረምት ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጉድጓዱን ስፋቱንም ጥልቀቱንም ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅሉበት፤ ከመሬቱም ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ የጠዋቷ ትበልጣለች።

ስለ ውሃ የምታስቡትን አውቃለሁ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ለአበባ ነው ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ መጀመሪያ ሰው ይጠጣ። ነገር ግን ሥሩ የጠለቀ የሻይ ጽጌረዳ በየቀኑ ውሃ አይጠይቅም። በበጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ በአንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ከሥሩ ላይ ከፈሰሰለት ይበቃዋል። ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ በረኪና የነካው ግን አይሆንም። ሥሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ሸፍኑት፤ እርጥበቱ ይቆይለታል።

በሽታው ብዙ አያስቸግርም። በክረምት ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲወጣ የረገፈውን ለቅማችሁ አቃጥሉ፤ ውሃም በቅጠሉ ላይ አታርከፍክፉ። ክሽክሽ ሲወረው በሳሙና ውሃ እጠቡት። ልጆች በሚጫወቱበትና ንብ በሚገባበት ግቢ መርዝ አትርጩ፤ ይህ ተክል ያለ እሱ ይኖራል።

ወጣቶች፣ ሥራው የእናንተ ነው። በየቤቱ ስትሄዱ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ቁራጩን በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልሉ፤ ከየትኛው ሰፈር፣ ከየትኛው ግቢ እንደወሰዳችሁት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እሰሩበት። በተለይ ሊፈርሱ ምልክት የተደረገባቸውን ቤቶች አስቀድሙ። እናቶች ደግሞ ስለ አበባው የምታውቁትን፣ ማን እንደተከለው፣ ከማን ቤት ተቆርጦ እንደመጣ ንገሯቸው፤ ይጻፍ። የእያንዳንዱን ቁራጭ ሁለት ሁለት አድርገን በተለያየ ግቢ እንትከል፤ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይኖራል። እኔ ግቢ ያለው ትልቁ ቁጥቋጦ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ነገ ጠዋት መቀሳችሁን ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።