ለገና የቆየ የሬይንዲር ሥጋ

ማህሌት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን በሰው አገር ሲማሩ ያልለመዱትን ሥጋ መቅመስ ነው። ሄኖክ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሯል፤ ሬይንዲር የሚባለውን የብርድ አገር ባለቀንድ እንስሳ ሥጋም በልቷል። በል እስኪ፣ ጣዕሙ ምን ይመስላል?

ሄኖክ፦ ጣዕሙ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ ጨለማውን ልንገርሽ። ትሮምሶ ከኅዳር 18 ገደማ ጀምሮ እስከ ጥር 7 ገደማ ፀሐይ አትወጣም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጨልማል። አሁን ቁጠሪልኝ፤ ጾመ ነቢያት መቼ ይገባል?

ማህሌት፦ ኅዳር 15።

ሄኖክ፦ አየሽ! ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋም ሄደች። አንዲት የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ሳሚ ከሚባለው የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ ናት። ቤተሰቦቿ ካውቶኬይኖ በሚባል የሰሜን ኖርዌይ አካባቢ ሬይንዲር ያረባሉ። ታኅሣሥ ሲገባ ከቤት ሥጋ ተልኮላት ጠራችኝ። እስከ ገና ሥጋ አልበላም አልኳት። ምንም ሳይከፋት ሥጋውን ጠቅልላ በረዶ ቤት ከተተችው። በጥቅሉ ላይ ስሜን ጻፈች፤ ከሥሩ ደግሞ «ጃንዋሪ 7»።

ማህሌት፦ ስምህን ጻፈችበት? የሰው ጾም እንዲህ የምታከብር!

ሄኖክ፦ እኔ እስከ ዛሬ የምወደው ያን ጽሑፍ ነው። በረዶ ቤቱ በተከፈተ ቁጥር ስሜን አየዋለሁ።

ማህሌት፦ ቆይ፣ ማን ነው ያረደው?

ሄኖክ፦ እኔንም ያሳሰበኝ እርሱ ነበር። እናቴ ጋ ደወልኩ። «ያመሰኳል?» አለችኝ። ያመሰኳል። «ሰኮናውስ?» ስንጥቅ ነው። «እንግዲያው ከዋላና ከሚዳቋ በምን ይለያል?» አለች። ዘዳግም 14ን በቃሏ ታውቀዋለች።

ማህሌት፦ ማመስኳቱ አንድ ነገር ነው፤ የማን እጅ አረደው የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ሄኖክ፦ አባቷ ናቸው ያረዱት፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ሉተራን።

ማህሌት፦ እኛ ቤት ቢሆን በዚህ አያበቃም ነበር።

ሄኖክ፦ እናቴ ግን «በስመ አብ ብለህ ብላ» አለችኝ፤ በላሁ።

ማህሌት፦ ይሁን፤ እመለስበታለሁ። ለመሆኑ ሬይንዲር የእኛ አጋዘን ነው?

ሄኖክ፦ አይደለም። የአጋዘን ቀንድ አይረግፍም፤ ሴቷም ቀንድ የላትም። ሬይንዲር ግን ወንዱም ሴቷም ቀንድ ያበቅላሉ፤ በየዓመቱም ረግፎ ሌላ ይበቅላል። ባለቤቱ የሚለየው በጆሮው ነው። የጥጃው ጆሮ ገና በልጅነቱ በስለት ይሰነጠቃል፤ የእያንዳንዱ ባለቤት አሰነጣጠቅ ለብቻው ነው። ታዲያ እኔ ሳላውቅ «አባትሽ ስንት ሬይንዲር አላቸው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ማህሌት፦ ውይ! የሰው ከብት ይቆጠራል?

ሄኖክ፦ እርሷም ፈገግ ብላ «ባንክ ያለህን ገንዘብ ጠይቄህ አውቃለሁ?» አለችኝ። አያቴ ትዝ አሉኝ። ከብትዎ ስንት ነው ሲባሉ «እግዜር የሰጠን ያህል ነው» እንጂ ቁጥር አይወጣቸውም ነበር።

ማህሌት፦ የእኔም አያት እንደዚሁ ናቸው። ሥጋው ግን እስካሁን አልበሰለም፣ ሄኖክ!

ሄኖክ፦ እሺ፣ ገና ደረሰ። ቢዶስ ሠራችልኝ፤ የሳሚዎች የሠርግና የበዓል ወጥ ነው። ሥጋው ከነአጥንቱ በውኃና በጨው ብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ በኋላ ድንችና ካሮት ይገባበታል። ሌላ ነገር የለውም።

ማህሌት፦ በርበሬስ?

ሄኖክ፦ የለውም።

ማህሌት፦ ምነው፣ ትንሽ እንኳ?

ሄኖክ፦ የለውም አልኩሽ! ሥጋው ጠቆር ያለ፣ ጮማ የሌለው፣ ወደ ጉበት የሚያደላ ነው። የበሬም የበግም ጣዕም አይደለም። መረቁ ጠጅ ሳር የመሰለ የዱር ሽታ አለው። ቅልጥሙን ደግሞ ሰብራ ለእኔ ሰጠችኝ። ከውጭ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ለመመለስ ገና አንድ ሳምንት ይቀራታል። ከ40 ቀን በላይ ጾሜ፣ በዚያ ብርድ፣ ያንን ቅልጥም!

ማህሌት፦ ምራቄን አስዋጥከኝ። እኔ ግን ቂቤና በርበሬ ቢያገኝ ይሻለው ነበር ባይ ነኝ።

ሄኖክ፦ አይሻለውም። ሰው ስምሽን ጽፎ ያቆየልሽን ሥጋ መጀመሪያ እርሱ እንደሚበላው ትበያለሽ። ከተበላ በኋላ ቡና ቀረበ፤ ከቡናው ጋር የደረቀ ሥጋ። ቋንጣ ነው በይው፤ በክረምት መጨረሻ ብርድና ነፋስ የሚያደርቀው። በቢላዋ ላጥ ላጥ አድርጋ ቡናው ውስጥ ጨመረችው።

ማህሌት፦ ቡና ውስጥ?

ሄኖክ፦ ቡና ውስጥ። ሥጋው ይለሰልሳል፤ ቡናው ላይ ቅባት ይንሳፈፋል።

ማህሌት፦ አያቴ ቡና በቂቤ ነበር የሚጠጡት፤ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በርበሬ አላስነካኸውም?

ሄኖክ፦ በሁለተኛው ዓመት፣ ለፋሲካ፣ እናቴ በላከችው በርበሬ በዚያው በደረቀ ሥጋ ቋንጣ ፍርፍር ሠርቼ ጠራኋት።

ማህሌት፦ ይኸው! ምን አለች?

ሄኖክ፦ ቀመሰችና «ሥጋው የት አለ?» አለችኝ።

ማህሌት፦ ሳህኑንስ ጨረሰችው?

ሄኖክ፦ ጨረሰችው። እንባዋን እየጠረገች ጨምርልኝ አለች።