ምዕራቡ በየት በኩል ነው?

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አረንጓዴ ህንጻ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ዛፍ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር። ያምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ምዕራቡ በየት በኩል እንደሆነ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው። ከመስኮቱ በላይ የወጣ ጥላ አይመልሳትም። በመስታወቱ ገብታ ወለሉንና ጠረጴዛውን ታሞቃለች፤ ሙቀቱም እዚያው ይታፈናል። ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋል። ክፍሉ ሲጨልምበት መብራት ያበራል። አሁንም ስለሚሞቀው ኤሲውን ይጨምራል። ብርሃን ያስገባል የተባለው ግድግዳ ኤሌክትሪክ ሲበላ ይውላል፤ ሶላሩም የዚህን ጥፋት ዕዳ ሲከፍል ይኖራል። ይህ ሁሉ የተወሰነው ገና ወረቀት ላይ ነው።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ኢስትጌት ሴንተር የተባለ የቢሮና የገበያ ህንጻ ተመልከቱ። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ነው። ቀን ቀን ከባዱ ግንብና ኮንክሪት ሙቀቱን ይይዛል። ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛ አየር እየሳቡ ከወለሉ ሥር ባሉ ክፍተቶች ያሳልፉና ያበርዱታል። መስኮቶቹ መጠነኛ ናቸው፣ ጥላም አላቸው። እንደተለመደው ዓይነት ኤሲ አልተገጠመለትም።

ሌላው ጉዳይ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ በሚግል ምድጃ ሲቃጠል፣ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ምድጃውን በንጹህ ኃይል ብናነደው እንኳ ይህኛው አይቀርም። እንግዲህ አንድም ሰው ሳይገባበት ህንጻው ብዙ በክሏል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ደህና ህንጻ ፈርሶ በቦታው “አረንጓዴ” ሲገነባ የሚያንገበግበኝ። ላካቶን እና ቫሳል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ታላቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ፕሪትዝከርን ያገኙት የፈረንሳይ አርክቴክቶች፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአገራቸው ከተማ ቦርዶ 530 አሮጌ አፓርታማዎችን አድሰዋል። አላፈረሱም። ከነባሩ ግድግዳ ፊት ሰፊ በረንዳ ጨመሩ፤ ቤቱ ሰፋ፣ ብርሃን ገባው፣ ቅዝቃዜውም ቀነሰ። ነዋሪዎቹ ሥራው ሲሠራ ከቤታቸው አልወጡም። እኔ ዘላቂ የምለው ይህን ነው።

ለአረንጓዴ ህንጻዎች የሚሰጡትን የምስክር ወረቀቶች አልንቅም። የብሪታኒያው ብሪያም ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአሜሪካው ሊድም ከእሱ በኋላ፣ ህንጻን የምንለካበት የጋራ መስፈርት ሰጥተውናል። ነገር ግን በዲዛይን ጊዜ የተሰላው ፍጆታና ሰው ከገባ በኋላ ቆጣሪው የሚያሳየው ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ስለዚህ አሠሪዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። አርክቴክቱ ህንጻው ሥራ ከጀመረ ከዓመት በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ውሉ ላይ አስፍሩ፤ ክፍያውንም አስቡለት። የ12 ወር የመብራትና የውሃ ቢል ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። በምዕራብ በኩል የሚቀመጡት ሠራተኞችም ይጠሩና ይናገሩ።

አመሰግናለሁ።