ጳጉሜ 6ን ማን ያስተካክላት?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አደራችሁ። በቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ ከገላን ታክሲ ተጋፍታችሁ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ ነው የማመሰግነው፣ መብራቱ ስለማይታመን ስላይድ አላዘጋጀሁም፣ ኦፕን ሶርስ ላይ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ፣ ስለመስራት የደረሰብኝን ብቻ ልንገራችሁ።

2015 ማለቂያ ላይ ነው፣ ለሰፈራችን እቁብ ትንሽ አፕ እየሰራሁ ነበር፣ የፈረንጁን ቀን ወደኛ የሚቀይር አንድ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ሌሎች የፃፉት ዝግጁ ኮድ ማለት ነው፣ አግኝቼ አስገባሁት። ሴፕቴምበር 11 ጠዋት አፑን ስከፍተው መስከረም 1 ይላል፣ እናቴ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፈች "ኧረ ልጄ፣ ገና ጳጉሜ 6 ነው፣ በዓሉ ነገ ነው" ትለኛለች። ልክ እሷ ነበረች። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ በአራት አመት አንዴ ጳጉሜ 6 ትሆናለች።

ኮዱን ከፍቼ ሳየው አመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜን 6 አድርግ ይላል፣ የፈረንጁን አቆጣጠር ይዞ ነው እንጂ የኛ ቀሪው 3 ሲሆን ነው፣ 2015ን ለ4 አካፍሉት፣ 503 ደርሶ 3 ይተርፋል። 0ን በ3 መቀየር፣ በቃ፣ ስራው ይቺ ናት። እኔ ግን እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ፣ በኋላ ፎርክ አደረኩ፣ የራሴን ኮፒ ወሰድኩ ማለት ነው፣ ለለውጤ ብራንች የሚባል የተለየ መስመር ከፈትኩ፣ ለውጡን ኮሚት አድርጌ፣ ማለትም መዝግቤ፣ ይሄን ተቀበሉኝ የሚል ፑል ሪኩዌስት ላኩ። ላይብረሪውን የሚያስተዳድረው ሜንቴይነሩ "ትክክል ነህ፣ ግን ቴስት ጨምርበት" አለኝ፣ መጀመሪያ የናቀኝ መስሎኝ ከፋኝ፣ ለካ ቴስት ማለት ኮዱን የሚፈትን ሌላ ኮድ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ሳያውቅ 3ን ወደ 0 ቢመልሰው እንዲጮህ ነው። ጳጉሜ 5ን፣ ጳጉሜ 6ን፣ መስከረም 1ን ሶስቱንም ፃፍኩ፣ መርጅ ተደረገ፣ ከዋናው ኮድ ጋር ተቀላቀለ፣ ያን ቀን ለእናቴ ስነግራት እልል አለች።

ወገኖቼ፣ አስራ ሶስት ወር የማይኖር ሰው ይሄን ስህተት ከየት ያየዋል? ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው ኮምፒውተሮች ለአለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ፊደሉ ቦታ አገኘ፣ ከሱ በላይ ያለው ስራ ግን ገና ብዙ ነው። ስንት ሰርች አለ "ፀሐይ" ብላችሁ ስትፈልጉ "ጸሀይ" ተብሎ የተፃፈውን የማያመጣ፣ ስንት አፕ አለ ጠዋት 1 ሰዓትን 7 ሰዓት ብቻ አድርጎ የሚያውቅ።

ዳታ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ኮሚትና ብራንች የምናደርግበትን ጊትን ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ ለሊኑክስ ከርነል፣ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለት ነው፣ ሲሰራው ሙሉ ታሪኩ በየሰው ማሽን ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው፣ ስለዚህ ኔትወርክ ባይኖርም ኮሚት ታደርጋላችሁ፣ ሲመጣ ፑሽ አድርጋችሁ ትልካላችሁ። ፕሮጀክቱ ትልቅ ከሆነ ክሎን ስታደርጉ፣ ማለትም ወደ ማሽናችሁ ስታወርዱ፣ ዴፕዝ 1 (--depth 1) በሉት፣ የቆየውን ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን ብቻ ያወርዳል። የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ ላይሰንሱን፣ እና ለውጥ እንዴት እንደሚላክ የሚገልፀውን ፋይል ሳታነቡ ግን እንዳትነኩ፣ ደግሞ እባካችሁ አርባ ፋይል በአንድ ፑል ሪኩዌስት አታጭቁ፣ የሚያየው ሰው በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚሰራው።

አሁን ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፣ ዲቫይደሩ እዚህ ጋ ነው፣ ላፕቶፕ የሌለው ከጎኑ ካለው ጋር ይቀመጥ። በ"ፀሐይ" ፍለጋ እንጀምራለን።